የፓምፑ ጩኸት

አጎቴ «መኪናዋ ታለቅሳለች» ብሎ ሲደውልልኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኩን ወደ ኋላ ወንበር አስጠግቶ አሰማኝ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ እንደ ወባ ትንኝ ያለ «እእእእ» የሚል ድምፅ ነው። ሁለት ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩና ፍርዴን ሰጠሁ፦ «የነዳጅ ፓምፑ ነው። አልቋል ማለት ነው፣ ቀይረው።»

አጎቴ በዚያች መኪና ሰው እያመላለሰ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች፣ ከእኔ ጋር እኩያ ልትሆን የምትችል መኪና ናት። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ቢሆንም የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ለአጎቴ ግን «ኢንጂነር» ማለት ኢንጂነር ነው። ስለዚህ አመነኝና መርካቶ ሄዶ ፓምፕ ገዛ። ጩኸቱ ቆመ። ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ካለች በኋላ እንደገና ጀመረች።

«ታይዋን ሸጠውልህ ይሆናል፣ ኦሪጅናሉን ግዛ» አልኩት። ገዛ። አሁንም ዝም አለች፤ ወር ሳይሞላ አሁንም ጮኸች። ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ ያልተሠራባቸው ሦስት ቀናት። ለእኔ ሁለት የስልክ ጥሪ ነበር፤ ለእሱ ግን የስንት ሳምንት ልፋት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ፓምፑን አልነኩትም። መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ «ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው የምትጮኸው ወይስ ሲጎድል?» የሚል ነበር። በጊዜው ጥያቄው ምን እንደሚያደርግላቸው አልገባኝም። በኋላ ገብቶኝ ሳነብ፣ የዚያች ጥያቄ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚሆን አወቅኩ።

ፓምፕ ያልነበረበት ዘመን

ነዳጅ ከታንኩ ተነሥቶ ሞተሩ ጋ እንዴት ይደርሳል? የብዙዎቹ የድሮ መኪኖች መልስ ቀላል ነበር፦ ይፈስሳል። ታንኩን ከፍ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገህ ታስቀምጣለህ፤ የቀረውን የምድር ስበት ይሠራልሃል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ የነዳጅ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበረውም። በአብዛኞቹ ላይ ታንኩ ያለው ከፊት ወንበር ሥር ስለነበር ነዳጅ ለመቅዳት መጀመሪያ ከወንበሩ መነሣት ግድ ነው።

ችግሩ ዳገት ላይ ነው። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ አፍንጫው ይነሣል፣ ሞተሩም ከታንኩ ጋር እኩል ወይም ከእሱ በላይ ይሆናል። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ምንም አይደለም። ጎደሎ ከሆነ ግን ነዳጁ መፍሰሱን ያቆምና ሞተሩ መሀል ዳገት ላይ ይጠፋል። የዚያን ጊዜ ሾፌሮች ያገኙት መላ መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ዳገቱን መውጣት ነበር። አሁን ሲሰሙት ያስቃል፤ ነገር ግን ትክክለኛ ምህንድስና ነው፤ ታንኩን እንደገና ከሞተሩ በላይ አደረጉት።

መኪና ወደ አገራችን የገባውም በዚሁ ዘመን ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣውን መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ መንገድ በሌለበት አገር። ከፍታ የሚባለው ነገር ለነዳጅ ምን እንደሚያደርግ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከስበት ቀጥሎ የመጣው በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ቫኪዩም ታንክ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት ተጠቅሞ ነዳጁን ከኋላ ካለው ትልቅ ታንክ ከሞተሩ አጠገብ ወዳለ ትንሽ ጣሳ ያመጣል፤ ከጣሳው ወደ ካርቡራቶር ደግሞ በስበት ይወርዳል። ብልህ ነገር ነው። ግን ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ስትረግጠው ያ ባዶነት ይጠፋል። ረጅም ዳገት ላይ እግርህን ሳታነሣ ከወጣህ ጣሳው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ በየመሀሉ እግሩን አንሥቶ ጣሳው እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። እንግዲህ ሁለተኛው መፍትሔም የተፈተነው ዳገት ላይ ነው።

እንደ ልብ የሚመታው

በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሞተሩ ራሱ የሚነዳ ሜካኒካል ፓምፕ ተስፋፋ። አሠራሩ ልብን ይመስላል። ነዳጅ የማያሳልፍ ተጣጣፊ ሽፋን አለ፣ ዲያፍራም ይባላል። ሞተሩ ሲዞር አንድ ዘንግ ይህን ሽፋን ወደ ታች ይስበዋል፤ ስፕሪንግ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች አንዱ ለመግቢያ፣ ሌላው ለመውጫ በር ይሆናሉ። በቃ ይኸው ነው። የሚሰጠው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.35 ባር ቢሆን ነው፤ የመኪና ጎማ ንፋስ ወደ 2 ባር እንደሆነ ስታስቡ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ይገባችኋል። ለካርቡራቶር ይበቃል።

አዲስ አበባ ይህን ፓምፕ በደንብ ታውቀዋለች። ቮልሱም ላዳውም የሚሠሩት በእሱ ነበር። ላዳ ከጣልያኑ ፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፣ ምርቷ የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በሰማያዊና ነጭ ቀለም ከተማዋን ለዓመታት ያመላለሰችው ላዳ ፓምፗ ላይ ትንሽ የእጅ ማንሻ አላት፤ መኪናዋ ቆማ ከሰነበተች ኮፈኑን ከፍተህ በጣትህ እየገፋህ ነዳጁን ታመጣለህ።

የዚህ ፓምፕ ድምፅ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው። ዘንጉ ወይም ስፕሪንጉ ሲያልቅ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፣ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ብዙ ሰው የቫልቭ ድምፅ መስሎት ሞተር ያስከፍታል። ዲያፍራሙ ሲቀደድ ግን ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ያኔ ምልክቱ ሽታ ነው፤ ነዳጁ ወደ ሞተሩ ዘይት ስለሚገባ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ ስታሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ይህ ፓምፕ አንድ ከባድ ድክመት ነበረው፤ ያለበት ቦታ። ታንኩ ከሞተሩ ርቆ ነው ያለው፣ ፓምፑ የተጣበቀው ደግሞ ትኩስ ሞተር ላይ ነው። ስለዚህ ነዳጁን በረጅም ቧንቧ መሳብ አለበት። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ተምሬው የረሳሁት ነገር አለ፦ ማንኛውም ፓምፕ በእውነቱ አይስብም። ማድረግ የሚችለው በበሩ ላይ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ነዳጁን ከታንኩ ገፍቶ የሚያመጣለት የከባቢ አየር ነው። በስትሮ ስንጠጣም እንደዚያው ነው።

የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ በየቦታው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ቀድሞ ይተናል። ከትኩስ ሞተር ጎን ያለ ቧንቧ ውስጥ፣ ፓምፑ ግፊቱን ይበልጥ ዝቅ ባደረገበት ቦታ፣ ነዳጁ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ የተሠራው ፈሳሽ እንዲገፋ እንጂ እንፋሎት እንዲያጭቅ አይደለም። መኪናዋ ትቆማለች። የድሮ ሾፌሮች መድኃኒት ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሰር ነበር። ፓምፑ አልተበላሸም እኮ፤ ቀዝቀዝ ሲል መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች።

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። ኤስዩ የተባለው ኩባንያ ዲያፍራሙን በሞተር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ሠራ። ማግኔቱ ሽፋኑን ይስባል፣ ጫፍ ሲደርስ ኮንታክቱ ይለቃል፣ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል፣ ኮንታክቱ እንደገና ይገናኛል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ «ቲክ» አለ።

እኔ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ የምወደው ማሽን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ይናገራል። ቁልፉን ስታዞር ቶሎ ቶሎ «ቲክቲክቲክ» ይልና ካርቡራቶሩ ሲሞላ ቀስ ብሎ ዝም ይላል። ይህ ጤነኛ ነው። በፍጥነት መምታቱን ካላቆመ አየር እየሳበ ነው ወይም ታንኩ ባዶ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በየተወሰነ ሰከንዱ አንድ አንድ ጊዜ ቲክ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ግፊቱ እያመለጠ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ ኮንታክቱ ተቃጥሏል ወይም ተጣብቋል፤ ያኔ ሾፌሩ ወርዶ በመዶሻ እጀታ ወይም በጫማ ተረከዝ መታ መታ ያደርገዋል። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች «ሎግ» የምንለው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራውን እየሠራ በየደረጃው ምን ላይ እንደደረሰ ይጽፍልሃል። ኤስዩ ፓምፕ ሎጉን የሚጽፈው በጆሮህ ላይ ነው።

የፓምፑ ቦታ ታሪክም እዚህ ላይ ይታያል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረተው ሞሪስ ማይነር ላይ ኤስዩ ፓምፕ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በጀመረው ኤምጂቢ ላይ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ታንኩ አጠገብ ተጉዟል። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ከሆነ ከሞተሩ ጋር መጣበቁ ግድ አይደለማ። አጭር ስቦ ረጅም መግፋት ይችላል።

ከባሕር የመጣ ቃል

የአጎቴ መኪና ጩኸት ግን ቲክ ቲክ አይደለም። የእሱን ጩኸት ስም ለማግኘት ከመኪና ወጥተን መርከብ ጋ መሄድ አለብን።

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴሪንግ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ለሙከራ ወጣች። ፈጣን እንድትሆን ነበር የተሠራችው። ሞተሯ ጉልበት አለው፣ ውኃ ውስጥ ያለው መዘውሯ ይሽከረከራል፣ መርከቧ ግን የተጠበቀውን ፍጥነት አልደረሰችም። መሐንዲሶቹ ሲመረምሩ መዘውሩ በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ ከቅጠሎቹ ጀርባ ውኃው ሊደርስለት እንዳልቻለና እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ኪስ እንደሚፈጠር ተረዱ። ነገሩን «ካቪቴሽን» አሉት፣ የባዶ ጉድጓድ መፈጠር እንደማለት ነው። ሞተሩን አልቀየሩም። የመዘውሩን ቅጠሎች አሰፏቸው፤ መርከቧ ፍጥነቷን አገኘች።

በ1917 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ እነዚህ አረፋዎች ሲፈርሱ ምን እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ። አረፋው ግፊት ወዳለበት ቦታ ሲደርስ ዙሪያውን ያለው ፈሳሽ በአንዴ ይደረመስበታል፤ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ግፊት ብረት የሚበላ ነው። የሚደረመስ አረፋ ድምፅ አለው። ይህን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀበናው ሊፈላ ሲል፣ ገና ሳይገነፍል፣ ከሥሩ የሚሰማው ሹክሹክታ ይኸው ነው፤ ከታች የተፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ አግኝተው ሲፈርሱ። ካቪቴሽን ያለ እሳት የሚፈላ ጀበና ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ከኮፈኑ ሥር ወደ ታንኩ ውስጥ

በ1967 እ.ኤ.አ. ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ የሚባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ አወጣ። ካርቡራቶር ቀረ፤ ነዳጁ በግፊት ይረጫል። የግፊቱ መጠን ወደ 2 ባር ገደማ ነው። በ1973 የመጣው ኬ-ጄትሮኒክ ደግሞ ወደ 5 ባር ይሄዳል። ለዚህ ለስላሳው ዲያፍራም አይሆንም። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር፣ ነዳጁን በትናንሽ ሮለሮች መሀል እየያዘ የሚያጭቅ ፓምፕ መጣ። ነዳጁ በራሱ በሞተሩ መሀል ነው የሚያልፈው፤ ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋልም። ኤሌክትሪክና ቤንዚን አንድ ላይ ሲባል ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ውስጡ አየር ስለሌለ እሳት ሊነሣ አይችልም።

እነዚህ ፓምፖች በተፈጥሯቸው ይጮኻሉ። አንዳንድ የመርሴዲስ ደብሊው 123 ሞዴሎች ላይ ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ በላስቲክ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚቀመጡት። ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ቧንቧው ቦዲውን ሲነካ ድምፁ በመኪናው ሁሉ ይሰማል፤ ፓምፑ ምንም ሳይሆን ማለት ነው።

ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ፓምፑ የመጨረሻውን ጉዞ ተጓዘ፤ ታንኩ ውስጥ ገባ። ነዳጁ ውስጥ ተዘፍቆ ሲቀመጥ የሚስበው ርቀት የለም፣ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም ይታፈናል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች እንዲህ ናቸው፣ የአጎቴም። የዚህ ሁሉ ጉዞ ትርጉም አንድ ነው። መሐንዲሶች በስድሳ እና ሰባ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የተረዱት ነገር ፓምፕን የሚገድለው የሚገፋው ሸክም ብቻ ሳይሆን የሚቀርብለት ነዳጅ ማነስ መሆኑን ነው። ስለዚህ ምንጩ ውስጥ አስቀመጡት። ግን አንድ ነገር እንደ ግዴታ ታሰበ፤ ምንጩ እንዳይጎድል።

«ሲጎድል ነው»

ወደ ሽማግሌው መካኒክ ልመለስ። «ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው ወይስ ሲጎድል?» ሲሉት አጎቴ ሳያስብ «ሲጎድል ነው» አለ። ቀጥሎ «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» «ከሰዓት ይብሳል።» «ቤንዚን ስትሰጣት ጩኸቱ ይጨምራል?» «አይ፣ ያው ነው።»

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ነገር ያጣራል። ታንክ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሞተሩን ፍጥነት ብዙም አይከተልም። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን ኖሮ የሚጠረጠረው ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም የመሪው ፓምፕ ነው። በላዳው ዘመን ግን ተቃራኒ ነበር፤ እዚያ ከሞተሩ ጋር የሚሄደው ድምፅ ነው ፓምፑን የሚያስጠረጥረው። ያው ጥያቄ፣ የተገለበጠ መልስ።

ከዚያ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን ሳያስነሡ አዳመጡ። ፓምፑ ሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ብሎ ቆመ፤ ያ ጤነኛ ነው፣ ግፊት እያዘጋጀ ነው። አስነሥተው የነዳጁን ክዳን ከፈቱ። «ሽሽሽ» ብሎ አየር ቢስብና ጩኸቱ ቢቀንስ ኖሮ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነበር፤ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ተፈጥሮ ፓምፑን እየተገዳደረው ነው። አልተለወጠም። በመለኪያ የፓምፑን ኤሌክትሪክ ለኩ፤ የባትሪው ቮልት ሳይቀንስ ይደርሳል፣ ሽቦውና መሬቱ ደህና ነው። የግፊት ጌጅ አሠሩ፤ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፣ ሲቆይ ግን መርፌው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄ ልጅ የተጠማ ነው» አሉ። ፓምፑን ማለታቸው ነው።

ባትሪውን ነቅለው፣ በአካባቢው የሚያጨስ ሰው እንደሌለ አረጋግጠው፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ሽፋን ከፈቱ። ፓምፑ ሲወጣ አፉ ላይ እንደ ካልሲ የምትጠለቅ ወንፊት አለች። ነጭ መሆን የነበረባት ቡና ዱቄት ውስጥ የተነከረች መስላለች። በጣታቸው ሲያሹት ዝገት ነው። ባትሪ ብርሃን ወደ ታንኩ ውስጥ ሲያበሩ የብረቱ ግድግዳ የላይኛው ክፍል ቀይ ነበር።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። አዲስ ፓምፕ ሲገዛ ከአዲስ ወንፊት ጋር ይመጣል። ስለዚህ በቀየርን ቁጥር ድምፁ ይጠፋል፤ እኛም ፓምፑ ነበር እንላለን። ዝገቱ ወንፊቷን እንደገና እስኪደፍናት ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ከዚያ ነዳጅ ማለፊያ ያጣል፣ ፓምፑ ባዶ ያኝካል፣ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ይፈርሳል፣ «እእእእ» ይላል። የዴሪንግ መዘውር ያለቀሰው ለቅሶ ነው። እኔ ደግሞ ጩኸቱ የተሰማበትን ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ አድርጌ ፈረድኩ። በሥራዬ ላይ አንድ ጀማሪ እንዲህ ቢያደርግ እቆጣው ነበር። ሰርቨሩ ወደቀ ብሎ ሰርቨር የሚቀይር ሰው ማለት ነው፣ ዳታውን የሚልክለት ምን እንደሆነ ሳያይ።

ጎደሎ ታንክ

የቀረው ጥያቄ ታንኩ ለምን ዛገ የሚለው ነው። ሽማግሌው አጎቴን «ስንት ነው የምትቀዳው?» አሉት። አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ «የዕለቱን» አለ።

የዕለቱን ማለት ዛሬ የሠራውን ቆጥሮ ለነገ የሚበቃውን መቅዳት ማለት ነው። ጌጁ ከሩብ በላይ የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ታንኩ ሲጎድል የቀረውን ቦታ የሚሞላው አየር ነው፤ አየሩ ውስጥ እርጥበት አለ። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ ባዶው ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ብረቱን ያዝገዋል፣ ውኃው ከሥር ይጠራቀማል። ፓምፑም ግማሽ ሰውነቱ ከነዳጅ ውጪ ስለሚሆን ይግላል፤ ከሰዓት የሚብሰው ለዚያ ነው። አሮጌ ታንክ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ። ኢታኖል በባሕርዩ ውኃ ይስባል፣ የቆየ ዝቃጭ ያላቅቃል፣ ለእሱ ያልተሠራ የድሮ ላስቲክንም ይጎዳል። የአጎቴ መኪና በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መንገድ ላይ ነበረች።

የሞዴል ቲ ሾፌሮች ዳገት ላይ ዞረው በኋላ ማርሽ የወጡት ታንካቸው ጎደሎ ስለነበር ነው። ሙሉ ታንክ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ወጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፓምፑ ከኮፈኑ ሥር ተነሥቶ ታንኩ ውስጥ እስኪገባ ከተጓዘ በኋላ፣ ያው ነው። መኪናውን የሠራው መሐንዲስ በልቡ ያሰበው ሾፌር ነዳጁን የሚሞላ ሾፌር ነው። የዕለቱን የሚቀዳ ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም።

ይህ ነገር ከእንግዲህ ለእኛ የሚቀልል አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ፓምፕ የለውም፤ የዚህ ጽሑፍ ታሪክ እሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ነገር ግን አዲስ መኪና መግዛት የማይችለው ሰው ያለችውን ይዞ ነው የሚቆየው። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፣ ታንካቸውም ይዝጋል። እነሱን በጆሮ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። ጥያቄዎቹን በየትኛውም ማኑዋል ላይ ልናገኛቸው እንችላለን። በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠየቁና መልሱን የሚያውቀው ሾፌሩ እንደሆነ ግን እኔ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ታንኩ ወርዶ ታጠበ፣ ውስጡ ታከመ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ሽማግሌው ፓምፑን ሊመልሱ ሲሉ «የፋብሪካው የት አለ?» አሉ። እኔ የተጣለ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ኮፈኑ ሳይሆን የኋላ ዕቃ መጫኛው ጋ ሄዶ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። አልጣለውም። እኔ «አልቋል» ብዬ የፈረድኩበት፣ ከመኪናዋ ጋር የተወለደው ፓምፕ ነው። አዲስ ወንፊት አጠለቁለት፣ ገጠሙት፣ ግፊቱን ለኩ። መርፌው ወጣና ዝም ብሎ ቆመ።

ይኸው እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምትሄደው። ከሁለቱ አዳዲስ ፓምፖች አንዱን አጎቴ በግማሽ ዋጋ ሸጠው፤ ሌላው በዚያው ፌስታል ተጠቅልሎ ኋላ ተቀምጧል። የነዳጅ ጌጁ ላይ፣ ሩብ የሚለው መስመር ጋ፣ ቀይ ፕላስተር ለጥፏል። ሁልጊዜ አይችልም። ከዚያ መስመር በታች የሚነዳባቸው ሳምንታት አሉ፣ በተለይ ወረፋ በሚበዛበት ጊዜ። እንዲህ ባለ ሳምንት ሲደውልልኝ በፊት እንደማደርገው ስለ መኪናዋ ድምፅ አልጠይቀውም። ሥራ እንዴት እንደሆነ ነው የምጠይቀው።